ስለ ባለ አራት ክሩ ሰውዬ የከፈትኩት ክር

ነገሩ የተጀመረው ካፌ ውስጥ ነው። የፈረንጆች ገና ሰሞን ነበር። ቦሌ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል፤ ስፒከሩ ያንን በፈረንጆቹ 1984 ለእኛ አገር ድርቅ የተዘፈነውን፣ ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ የሚለውን የእንግሊዞች የእርዳታ ዘፈን ለቀቀው። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ኪቦርድ ይጫወታል። ቤዝ ጊታሩን የመታው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። አላወቅኩም። ዱራን ዱራን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ቤዚስት ጆን ቴይለር መሆኑን ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። እኔ ያንን ሰውዬ የማውቀው በፎቶ ነው። ታላቅ እህቴ ደብተሯ ሽፋን ላይ የለጠፈችው፣ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ የተደፋ፣ አገጩ በምላጭ የተቀረጸ የሚመስል ልጅ። ቤዝ መያዙን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም።

እኔም ቤዝ እጫወታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ፣ አልፎ አልፎ ሆቴል። ስለዚህ ነገሩ ከነከነኝ። ማታ ቤት ገብቼ ሙዚቀኞች የምንሰባሰብበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም የውይይት ርዕስ፣ ከፈትኩ። የሰውዬው ስም የገነነው በመልኩ እንጂ በጣቱ አይደለም አልኩ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ እሱ ግን ስሙን በመልኩ ደገፈ ብዬ ተራቀቅኩ። ከእንግሊዝ ቤዚስት ካስፈለገ የሌቭል 42ቱ ማርክ ኪንግ አለላችሁ ብዬም ጨመርኩ። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ጉድ ፈልቷል።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ሰላምታ አስቀድሞ፣ ክሩን ስለከፈትኩ አመስግኖ፣ ከዱራን ዱራን ስንት ዘፈን ቤዙን ልብ ብዬ እንደሰማሁ ብቻ ጠየቀኝ። መዋሸት አልወድም፤ ሦስት ብዬ መለስኩ። ቆይቼ ሳስበው አንዱ የሌላ ባንድ ነው።

መልስ 2 ደገፈኝ። የማርክ ኪንግን አውራ ጣት አወደሰ። ሰውዬው ቤዙን ደረቱ ላይ ከፍ አድርጎ ታጥቆ፣ እየዘፈነ፣ ክሩን እንደ ከበሮ ሲደበድበው ማየት ራሱ ትምህርት ነው አለ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም።

መልስ 3 ላይ የመጣችው ሴት የሙዚቃ አስተማሪ መሰለችኝ። ሁለታችንንም በአንድ ዱላ መታችን። ማርክ ኪንግ ከልጅነቱ ድራመር ስለነበረ ቤዙን እንደ ድራም ቢመታው አይገርምም፤ ጆን ቴይለር ደግሞ የመጣው ከጊታር ነው። ሁለቱን ማፎካከር ዶሮ ወጥን ከክትፎ እንደማፎካከር ነው አለች። ቀጥላ ወደ ቁም ነገሩ ገባች። ልጁ ጊታሩን ያስቀመጠው የአሜሪካኖቹን የዳንስ ባንድ ሺክን ሰምቶ ነው። የሺክ ቤዚስት በርናርድ ኤድዋርድስ ነበር። በ1979 የወጣውን ጉድ ታይምስ የሚለውን ዘፈናቸውን ያልሰማ ሰው ቢኖር እንኳ የቤዙን መስመር ሳያውቀው ሰምቶታል፤ የመጀመሪያው ትልቅ የራፕ ዘፈን የተሠራው እሱ ላይ ነው። ጆን ቴይለር ዕድሜውን ሙሉ የዚያን ሰው እጅ ሲያሳድድ ኖሯል። ይህን ሳታውቅ ስለ ጣቱ አታውራ ብላ ዘጋችው። አንተ እያለች ነው የጻፈችው። ተማሪዋ የሆንኩ መሰለኝ።

መልስ 4 ድንገት ስለ ቤተሰብ ባንድ አነሳ። ዱራን ዱራን ውስጥ ሦስት ቴይለር ስላለ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ነበር። መልስ 5 እየሳቀ አረመው። ጆንና ድራመሩ ሮጀር የበርሚንግሃም አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ጊታሪስቱ አንዲ ከሰሜን እንግሊዝ፣ ከኒውካስል በኩል፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ የመጣ ነው። ዝምድና የላቸውም። እንግሊዝ አገር ቴይለር ማለት እኛ ጋ ተስፋዬ እንደማለት ነው፤ መንገድ ላይ ቢጠሩት ሦስት ሰው ይዞራል። ጆን ደግሞ የሁለተኛ ስሙ ነው፤ ሲወለድ የወጣለት ናይጀል ነው። መልስ 4 ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

መልስ 6 ረጅም ነው፤ ቡናዬን ጨርሼም አላለቀም። ጸሐፊው በርሚንግሃም የሚኖር የእኛ ሰው ነው። አውቶቡስ ይነዳል። ባንዱ የተነሳበትን ሰፈር በየቀኑ ያልፍበታል፤ ግን ስለ ባንዱ የነገረው አብሮት የሚሠራ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው። ጆን ቴይለርና ኒክ ሮድስ ባንዱን የመሠረቱት በ1978 ነው። ከዚያ ረም ረነር የሚባል የምሽት ክለብ ቤታቸው ሆነ። ማታ ማታ እዚያው ይሠሩ ነበር። ኒክ ሙዚቃ ያጫውታል፤ ጆን በር ላይ ይቆማል፤ ሮጀር ብርጭቆ ይሰበስባል። ቀን ቀን በዚያው ክለብ ይለማመዳሉ። በ1980 ሳይመን ለቦን ዘፋኝ ሆኖ ሲቀላቀል ለኦዲሽን የመጣው ሮዝ የነብር ቆዳ የሚመስል ሱሪ ለብሶ ነው። የቀድሞ ፍቅረኛው እዚያ ክለብ አስተናጋጅ ነበረች፤ ያገናኘቻቸውም እሷ ናት። ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ሴክስ ፒስቶልስንና ሺክን አንድ ድስት ውስጥ መክተት። የፓንኩን ንዴት ከዳንሱ ወገብ ጋር። አውቶቡስ ነጂው እዚህ ላይ ትንሽ አዘነ። ክለቡ ፈርሷል። እሱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አሁን ሌላ ነገር ቆሟል።

ያኔ ክሩን በመክፈቴ ገና አልተጸጸትኩም ነበር። መልስ 7 መጣ።

ሰውዬው ድራመር ነው። ድራመሮች ቤዚስት ሲሳሳት ይቅር አይሉም። የዱራን ዱራን ሚስጥር ጆን ብቻውን ሳይሆን ጆንና ሮጀር አብረው ናቸው አለ። አንድ በአንድ አስረዳኝ። የእግር ድራሙ ሲወድቅ የቤዙ ድምፅ በዚያችው ቅጽበት ይወድቃል፤ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ መሣሪያ ይሆናሉ። ስኔሩ፣ ያ ጯሂው ትንሹ ድራም፣ ሲመታ ደግሞ ቤዙ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ናት ሰውን የምታስነሳው። የኛ ሰርግ ላይም ይኸው ነው፤ ችክችካው ስድስት ስለሚቆጥር መውደቂያው ይለያያል እንጂ። ቤዙ ከእግር ድራሙ ፀጉር ታህል ከቀደመ፣ ትከሻው ሊወርድ የነበረው ሰውዬ ትከሻውን ይዞ ይቀራል፤ ለምን እንደቀረ አያውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን። እዚህ ጋ ስለ እኔ እንደሚያወራ ገባኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰርግ ላይ አብረን ሠርተን ነበር። ስሜን አልጠራም። እኔም አልተናገርኩም።

መልስ 8 አጭር ነበር። የዱራን ዱራንን ሪዮ የሚባል ዘፈን ተጫውቼ እስከ እሁድ እንድለጥፍ፣ ካልሆነ ክሩን እንድዘጋ።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ጠፉብን። አንዱ የቤዝ ክር አራቱ በስንት እንደገባ ጠየቀ። ሌላዋ ዱባይ ዘመድ ያለው ሰው ቢያስልክ እንደሚሻል መከረች። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፑ እንዴት እንደተቃጠለ፣ የሆቴሉ ሰዎችም ያመጣኸው ራስህ ነህ ብለው እንዴት እንደሸኙት በዝርዝር ጻፈ። አሥራ ስድስት ላይክ አገኘ። የእኔ ክር እኮ አራት ነው ያለው። ላይክ ማለቴ ነው።

መልስ 12 በጀምስ ቦንድ መለሰን። ጆን ቴይለር አንድ ግብዣ ላይ፣ መጠጥ ቀምሶ፣ የቦንድ ፊልሞችን ፕሮዲውሰር አግኝቶ ደህና ሰው የሚሠራው የቦንድ ዘፈን መቼ ነው የምታመጡት ብሎ ሰውዬውን ሞገተው። የደፋር ነገር ሆነና ሥራውን ለባንዱ አስገኘ። በ1985 የወጣው ዘፈን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንድም የቦንድ ዘፈን እዚያ አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ዘፈኑን አብሯቸው የሠራው ማን መሰላችሁ፤ ያው በርናርድ ኤድዋርድስ።

መልስ 13 ይህን ስም ሲያይ ዘሎ ገባ። እኔ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሰውየው እንዲህ ሲል ነገሩን ዘረጋው። 1984 መገባደጃ ላይ ጆንና አንዲ ከባንዱ ገለል ብለው ኒው ዮርክ ላይ ሌላ ቡድን አቋቋሙ። ስሙን ከስቱዲዮው ወሰዱት፤ ፓወር ስቴሽን። ዘፋኙ ሮበርት ፓልመር ነው። ድራሙ ላይ የተቀመጠው ቶኒ ቶምሰን፣ የሺክ ድራመር። ከመስተዋቱ ማዶ ፕሮዲውሰር ሆኖ የተቀመጠው በርናርድ ኤድዋርድስ ራሱ። እስቲ አስቡት አለን። አንተ በርሚንግሃም ውስጥ፣ መኝታ ቤትህ፣ ሸክላ እያስደጋገምክ የሰውዬውን ቤዝ ቀድተሃል። አሁን ሃያ አምስት ዓመት አልሞላህም። እሱ ይመታበት የነበረው ድራመር አጠገብህ ነው። እሱ ራሱ ደግሞ እጁን አጣጥፎ እያየህ ነው። የመጀመሪያዋን ኖታ እንዴት ነው የምትመታት? ሰውየው እዚህ ጋ ዝም ብሎ አንድ መስመር ባዶ ተወ። ከዚያ፣ ልጁ መታት፤ ሁለት ዘፈናቸውም አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገባ አለ። መልኩ ድራሙ ላይ አይቀመጥልህም ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ይህ ለእኔ እንደሆነ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አፌን ይዤ መቀመጥ ነበረብኝ። ግን ሰው ነኝ። ታዲያ የካፌው ዘፈን ላይ ቤዙ ለምን አይሰማም ብዬ ጠየቅኩ። እሳት ላይ ቤንዚን ደፋሁ።

መልስ 14 ለጥያቄዬ በትክክል መለሰ። ቀረጻው ኅዳር 16 ቀን 1977 በእኛ፣ እነሱ ኖቬምበር 25 ቀን 1984 በሚሉት እሁድ፣ ለንደን ኖቲንግ ሂል ውስጥ በአንድ ቀን የተሠራ ነው። ስቱዲዮውን ለ24 ሰዓት በነጻ ስላገኙ። ዘፈኑን ከቦብ ጌልዶፍ ጋር የጻፈው ሚጅ ዩር አብዛኛውን ሙዚቃ ቤቱ ኪቦርድ ላይ ሠርቶ ይዞት መጥቷል። ፊል ኮሊንስ ድራም ጨመረ፤ ጆን ቴይለር ቤዝ ጨመረ። ዘፋኞቹ ተሰልፈዋል። የቤዝ ሶሎ የሚሰማበት ቀን አልነበረም። ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ከ15 እስከ 19 ግን ቤዙን የረሳ ጠብ ነው። አንዷ በርዕሱ ጀመረች። ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምራ ክርስቲያን የሆነችን አገር ገና መሆኑን ታውቃለች ወይ ብሎ መጠየቅ፤ ደግሞም የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ያኔ ገና አልደረሰም ነበር። ሁለተኛው ግጥሙ ውስጥ ወንዝ የማይፈስበት አገር መባላችንን አንስቶ፣ ዓባይ ከየት እንደሚነሳ ለነዚህ ሰዎች ካርታ ላኩላቸው አለ። ሦስተኛው ተቆጣ። የ77 ድርቅ ጊዜ ኮረም ላይ ሰው በየሌሊቱ ሲረግፍ፣ የግጥም እርማት የምትሠሩ እናንተ የት ነበራችሁ፤ አልተወለዳችሁም አለ። ስንዴውን ያመጣው ዜማው ነው፤ ግጥሙን ማን ሰማው? አራተኛው ሁለቱም ልክ ናቸው ብሎ ሊያስታርቅ ገብቶ ከሁለቱም ስድብ ቀመሰ። አምስተኛው የጻፈውን አላየሁም። አድሚኑ አጥፍቶታል፤ የሌላ ሰውም አንድ አብሮ ጠፍቷል። የቀረው የአድሚኑ ማሳሰቢያ ብቻ ነው፦ ግጥሙን የጻፉት ጌልዶፍና ዩር ናቸው፣ ቤዚስቱ የለበትም፣ ወደ ቤዙ ተመለሱ።

ማንም አልተመለሰም ነበር። ዝም ያሰኘን መልስ 20 ነው።

ጸሐፊው አዛውንት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ማለት ጀመርን። በፈረንጆቹ 1985 ከሱዳን ስደተኛ ሆነው አሜሪካ ከገቡ አንድ ዓመት አልሞላቸውም። ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባሉ። በእኛ ሐምሌ 6 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ላይቭ ኤይድ ነው፤ ለዚያው ድርቅ የተደረገው የእርዳታ ኮንሰርት። አንዱ መድረክ ለንደን ዌምብሌይ፣ ሌላው እዚያው እሳቸው ያሉበት ከተማ፣ ጄኤፍኬ ስታዲየም። ሙቀት ነው። እጃቸው ሳሙና ውስጥ ነው። አመሻሽ ላይ አንድ ቀጭን ቤዝ ተጫዋች ከአንድ ባንድ ጋር አዩ። ሲመሽ ያንኑ ልጅ ከሌላ ባንድ ጋር አዩት። ቴሌቪዥኑ የቀኑን እየደገመ መሰላቸው። አለቃቸው ነው ያስረዳቸው። ልጁ በአንድ ቀን፣ በአንድ መድረክ፣ ለሁለት ባንድ ተሰልፏል፤ በፊት ከፓወር ስቴሽን፣ በኋላ ከዱራን ዱራን ጋር። በሁለተኛው ላይ ዘፋኙ ከፍ ያለውን ድምፅ ሊወጣ ሲል ተሰበረበትና ወጥ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እናታቸው ወሎ ነበሩ። ደብዳቤ ከመጣ ስድስት ወር አልፏል። እንግሊዝኛውን ገና አይሰሙትም ነበር፤ በሁለቱ ዘፈኖች መሐል ስክሪኑ ላይ የሚመጡትን ፊቶች አንድ በአንድ ይፈልጉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ለሦስት ሰዓት ማንም አልጻፈም። ሰዓቱን አይቻለሁ።

መልስ 21 ቀስ ብሎ ወደ ሰውዬው መለሰን። ቀሪ ታሪኩን በአጭር አስቀመጠው። ከዚያ ኮንሰርት በኋላ አምስቱ አብረው መድረክ ላይ ለመውጣት ዓመታት ፈጀባቸው። ሮጀርና አንዲ ወጡ። የቀሩት ሦስቱ ከሺኩ ጊታሪስት ናይል ሮጀርስ ጋር በ1986 ኖቶሪየስ የሚባለውን አልበም ሠሩ፤ ሙሉ በሙሉ ፈንክ ነው። ጆን በዚያው ዓመት ለአንድ ፊልም ብቻውን ዘፈነ። መጠጡና ኮኬይኑ ግን እየበላው ነበር። ይህን ራሱ ጽፎታል፤ ያቆመው በ1994 ነው። መልስ ሰጪው ራሱ የዚያ ችግር ሰው እንደነበረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጎ አለፈ። ሌሊት እየተጫወቱ ሳይጠጡ ማደር ምን እንደሆነ የሠራው ያውቀዋል።

22 እና 23 ስለ ሌላው ኑሮው ነው። ከሴክስ ፒስቶልሱ ስቲቭ ጆንስና ከገንስ ኤንድ ሮዝስ ሁለት ሰዎች ጋር ሎስ አንጀለስ ላይ ሮክ ተጫውቷል። በ1997 ከዱራን ዱራን ወጥቷል፤ ብቻውን አልበም አውጥቷል፤ ፊልም ላይ ተውኗል። በ2001 ተመልሷል። በ2022 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገብተዋል፤ አንዲ በካንሰር ምክንያት መድረክ ላይ ሳይወጣ ደብዳቤው ተነበበለት። ይህን ሁሉ የጻፈችው በአራት መስመር ነው። እኔም አላስረዝመውም።

መልስ 24 ግን አሳዘነኝ። ስለ ፓወር ስቴሽን ሁለተኛ አልበም ነው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሰዎቹ እንደገና ተሰባሰቡ። ጆን ግን ሥራው ሳያልቅ ወጣ። ቤዙን የመታው በርናርድ ኤድዋርድስ ሆነ። ተማሪው የተወውን ወንበር መምህሩ ተቀመጠበት። በዚያው በ1996 ሚያዝያ ላይ ኤድዋርድስ ከናይል ሮጀርስ ጋር ቶኪዮ ኮንሰርት ሠርቶ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የሳንባ ምች ነበር። 43 ዓመቱ ነው። የጻፈችው ያቺው መልስ 3 ላይ የመታችን አስተማሪ ናት። በዚህኛው አልተቆጣችም።

መልስ 25 ወደ አገር ቤት ወሰደን። የኛን ቤዚስቶች ስም ስንቶቻችን እናውቃለን ብሎ ጠየቀ። ሮሃ ባንድ ያጀበውን ካሴት ሁላችን በቃላችን እንዘፍናለን፤ ቤዙ ላይ ጆቫኒ ሪኮ እንደነበር የሚያውቅ እጁን ያውጣ አለ። እጅ የወጣው ጥቂት ነው። እኔ አወጣሁ፤ አንድ ነገር እንኳ ላውቅ ብዬ።

ሁለተኛውን ዱላ የቀመስኩት ከመልስ 26 ነው። ሴትዮዋ ከእህቴ እኩያ ትመስለኛለች። የሰማንያዎቹን ካሴት ሱቅ አስታወሰችኝ፤ ባዶ ካሴት ይዘሽ ሄደሽ፣ ዘፈን መርጠሽ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተቀድቶ የምትወስጂበትን። ፎቶውን ደብተሯ ላይ የለጠፈች ልጅ ያንን ካሴት ክሩ እስኪበጠስ ሰምታዋለች አለች። ፎቶ ስለለጠፍን ጆሮ የለንም ማለት ነው? አንተ የወንድ ጓደኞችህ ዘፈኑን ስለናቁት ሳትሰማው ናቅኸው፤ እኛ ሰማነው። ማነው ታዲያ በመልኩ የፈረደው? ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ። እውነቷን ነዋ።

ማታ እህቴ ጋ ደወልኩ። እንደዋዛ፣ ሪዮን ታስታውሺዋለሽ ወይ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረች። ዜማውን ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቤዙን ነው ያለችው። ዱም ዱዱም፣ ከታች፣ ከዚያ ወደ ላይ ዝላይ፣ እንደገና ከታች። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንዲት ኖታ አልሳተችም። መሣሪያ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት።

እሁድ ቀረጽኩት። በጣት ነው የሚመታው። መጀመሪያ ቀላል መሰለኝ። ቨርሱ ላይ ጣት አያርፍም፤ ኖታዎቹ አራት አራት እየሆኑ ይተላለፋሉ፤ በዚያ ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ መትተህ ያንኑ ድምፅ በኦክታቭ ከላይ ትመልሳለህ። ግራ እጄ አንገቱን ጨምቆ አውራ ጣቴ ደነዘዘ። ሳክስፎኑ ሲገባ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ከስር ይሮጣል። በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ በተቀመጠ ጊዜ ጆን ቴይለር ራሱ ቤዙን ይዞ እነዚህን መስመሮች ሲያሳይ የቀረጸውን አንድ ሰው በ28 ላይ ሊንኩን ልኮልኝ ነበር። እያየሁ አቆምኩ፤ እያቆምኩ መለስኩ። ስልሳ ዓመት የሆነው ሰውዬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ሳያልበው። በአሥራ አንደኛው ሙከራ እስከ መጨረሻው ደረስኩ። ሁለት ቦታ ቀድሜያለሁ። ለጠፍኩት። ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ጽሑፌን አላጠፋሁም፤ ከስሩ ተሳስቻለሁ ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ድራመሩ፣ መልስ 7፣ በ30 ላይ መጣ። ሁለቱን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ጠቆመኝ። ሌላ ምንም አላለም። ለእሱ ይህ ምርቃት ነው።

መልስ 31 ቪዲዮው ላይ የሚታየው ቤዝ የሚሸጥ ከሆነ ስንት እንደምል ጠየቀ።

አይሸጥም።